አንባቢ አንገት የለውም

የባለቤቴ እጅ አይንቀጠቀጥም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በአሁኑ ሰዓት ይንቀጠቀጣል ብሎ የሚምለው ሰው ከከተማችን ሕዝብ ሳይበልጥ ስለማይቀር ነው። ብዙዎቹ እጁን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ፎቶውን ግን አይተዋል፣ አልቅሰውለታል፣ አልፈው ተርፈውም ለሌላ ሰው አጋርተውታል። ድሮ ሰው ያላየውን ነገር እንዲህ በእርግጠኝነት የሚያወራው ስለ ሰማይ ቤት ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፦ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፣ ክንዱ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ የሚሽከረከር ቀይ ወንበር፣ ወረፋ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ፣ ውሃ የሚሞቅበት ማንቆርቆሪያ። ከመስታወቱ በላይ አንድ የድሮ ደንበኛ በቀለም የጻፈው ተረት አለ፤ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላል። እኔ ፎጣ አጥባለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ የደንበኛውን ወሬ ሰምቼ ለሚገባው ሰው አደርሳለሁ። ያለ እኔ ያ ሱቅ ዲዳ ነው።

ታዲያ ከመንገዱ ማዶ የመስታወት በር ያለው ፀጉር ቤት ተከፈተ። ሙዚቃ አለው፣ ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ልጆች አሉት፣ ቆራጮቹ ራሳቸው ጭንቅላታቸው ላይ መስመር አውጥተዋል። መጀመሪያ ወጣቶቹ ሄዱ። ቀጥሎ ወጣት መምሰል የሚፈልጉት ሄዱ፤ እነሱ ደግሞ ከወጣቶቹ ይበዛሉ። ባለቤቴ ባዶው ወንበር ላይ ራሱ እየተቀመጠ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ። አንድ ቀን ጋዜጣውን አጠፈና፣ «ክረምቱ እስኪወጣ አያለሁ። ወንበሩ እንዲሁ ባዶውን ከከረመ እዘጋዋለሁ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ዞር ስል ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ እያሸ ነበር። ሱቁ ቢዘጋ ቤታችን በረሃብ አያልቅም። ባለቤቴ ግን ያልቃል። ያ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥለት ነው እሱም ሰው የሚሆነው።

የእህቴን ልጅ የጠራሁት ለዚህ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሥራው «ይዘት» ነው። ይዘት ይጽፋል፣ ይዘት ያስተዋውቃል፣ ስለ ይዘት ሲያወራ ይውላል። የምን ይዘት ሲሉት፣ «የማንኛውም» ይላል። ሥልጠናውን በስልኩ ተከታትሎ፣ ምስክር ወረቀቱን በስልኩ ተቀብሎ፣ አሁን ደግሞ ሌሎችን በስልኩ ያሠለጥናል። ደንበኞቻችን ስሙን ትተው «ይዘት» ብለው ይጠሩታል፤ እሱም አይከፋውም፣ ማዕረግ ይመስለዋል። እህቴ፣ ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት፣ «ይጽፋል» ትልና ቶሎ ወሬ ትቀይራለች።

መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ትምህርቱን ጀመረልን።

«አክስቴ፣ ሰው አያነብም። ሰው ያልፋል። የኛ ሥራ ማስቆም ነው። አርዕስቱ ያቆመዋል፣ የመጀመሪያው መስመር ይይዘዋል፣ ስሜቱ ያስለቅሰዋል፣ መጨረሻ ላይ 'ሼር አድርግ' ትይዋለሽ፣ ያደርጋል።»

«ፀጉሩንስ መቼ ነው የሚቆረጠው?» አለ ባለቤቴ።

«እሱ በኋላ ይመጣል ጋሼ። መጀመሪያ ተከታይ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩ እኔ። አልሰማኝም፤ ባለቤቴን መመርመር ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ቁስልህ የቱ ጋ ነው?»

«የምን ቁስል?»

«የሕይወት ቁስል። ታሪክ ያለ ቁስል አይሄድም።»

«አልፎ አልፎ ወገቤን ያመኛል።»

«ወገብ አይሆንም፣ ወገብ ሁሉንም ሰው ያመዋል። ልጅ ሆነህ አባትህን አላጣህም?»

«አባቴ የሞተው አምና ነው። የልጅ ልጅ ልጁን አይቶ፣ መርቆ።»

ይዘት ከልቡ አዘነ። አማቼ ዕድሜ ጠግበው መሞታቸው እንዲህ የሚያሳዝነው ሰው ያን ቀን ገና አየሁ። «ተከድተህስ አታውቅም? ለምሳሌ ሚስት…» ካለ በኋላ እኔን አየና ተወው። ደግ አደረገ።

ምርመራው የሰለቸው ባለቤቴ የሳሙና ብሩሹን ሊያጥብ ተነሣ። ይዘት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው። ባለቤቴ ብሩሹን ነክሮ እያራገፈ ስለነበር፣ እጁ ፎቶው ላይ ደብዝዞ ባለ ብዙ ጣት ሆኖ ወጣ። ልጁ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየው፣ ከዚያ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ያን ጊዜውኑ በፎጣ ባፍነው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ለቀቀው። ሰው ሲበላ ስልኩን ያያል፣ የጠገበ ሰው ደግሞ ቶሎ ያዝናል፣ አለኝ። ለባለቤቴ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ የሱ ስልክ ከመደወልና ከመጥፋት ሌላ ሥራ አያውቅም።

«እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መቀሱን ግን አልጣለም!» ይላል አርዕስቱ። ከሥሩ፦ «ይህን ሳያለቅስ አንብቦ የሚጨርስ ካለ ይንገረኝ። እኚህ አባት ዕድሜ ልካቸውን የሰው ራስ ሲያሳምሩ ኖረዋል። ዛሬ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ምላጩን ሲያነሡ ጣቶቻቸው እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ። ዛሬም ግን በራቸውን ከፍተው እርስዎን ይጠብቃሉ። ዝም ብለው አይለፏቸው። ሼር ያድርጉ።» ፎቶው ያው ባለ ብዙ ጣቱ ነው። አድራሻችንና ስልክ ቁጥራችን አንድም ስሕተት ሳይኖርባቸው ተጽፈዋል። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ እውነት የሆኑት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ የጎዱንም እነሱ ናቸው።

ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያልቅ ቀኝ እጁን ፊቱ ዘረጋ፣ አገላብጦ አየው፣ ጣቶቹን አጠፋቸውና ዘረጋቸው።

«የማንን እጅ ነው የሚለው?»

«ያንተን ነው እንጂ።»

«የኔ እጅ እኮ…» አለና ተወው።

«ጋሼ፣ አጻጻፍ ነው!» አለ ይዘት። «ቃል በቃል አትውሰደው። ሰው አንጀቱ ሲላወስ እግሩም ይነሣል። ነገ ሱቅህ መቆሚያ ካላጣ ስሜን ቀይሩት።»

«ስምህንማ ቀይረነዋል» አልኩት።

አልዋሸም፤ በማግስቱ መቆሚያ ጠፋ። በራችን ላይ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ስልካቸውን ከፍ አድርገው የሚገቡ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው እንባቸውን የሚጠርጉ፣ ባለቤቴን ግራና ቀኝ አቅፈው ፎቶ የሚነሡ። አንዷ እጁን ስማ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። አንዱ የጡንቻ ቅባት ይዞ መጣ። ሌላው የሱፍ ጓንት ሰጠው፤ የሱፍ ጓንት ለፀጉር አስተካካይ ምን እንደሚሠራለት እሱ ይወቅ። ባለቤቴ ግራ ቢገባውም ሰው ማየቱ ደስ ብሎት ነበር። ነጩን የደንበኛ ልብስ አራገፈ፣ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረና፣ «በሉ፣ ተረኛው ማነው?» አለ።

ሰው ሁሉ ስልኩን አየ።

ከፊት አንድ ፂሙ ደረቱ ላይ የወረደ ጎረምሳ ቆሟል። ባለቤቴ እንዲያ ያለ ፂም ሲያይ እጁን ይበላዋል። «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አለው። ጎረምሳው ሳያስበው ጉሮሮውን በመዳፉ ሸፈነ። «አይ አባባ፣ እኔ እንኳ እርስዎን ለማየት ነው። ያበርታዎት!» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ከኋላው የነበረውም ወደ ኋላ አለ። ሁሉም «ያበርታዎት» አለ፣ አንድም ሰው አልተቀመጠም።

አጠገቤ የቆመውን ይዘትን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። «አንተ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምላጭ ይዞ ወዳንተ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?»

«አክስቴ፣ እኔ የጻፍኩት ለአንባቢ ነው።»

«አንባቢ አንገት የለውም እንዴ?»

ይህን የትኛውም ሥልጠና ላይ አልነገሩትም መሰለኝ፣ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ስልኩ ጮኸና ረሳው።

ለማዶኞቹ ግን ወዲያው ገባቸው። የመስታወት በራቸው ላይ «የማይንቀጠቀጥ እጅ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ባለቤቴን ለማየት ከሩቅ የመጣው ሰው ፎቶ መነሣቱ ስለማይቀር መጀመሪያ እነሱ ጋ ገብቶ ይስተካከላል። አምሮበት መንገዱን ይሻገርና እኛ ጋ መጥቶ ያለቅሳል። የእህቴ ልጅ በነፃ ያስተዋወቀው እነሱን ነው።

እሱ ግን «ተከታይ አይራብም» እያለ በየቀኑ ይመግባቸው ጀመር። በባለቤቴ ስም ሆኖ «ልጆቼ፣ ዛሬ እጄን ትንሽ ተሽሎኛል» ብሎ ይጽፋል። ባለቤቴ የገዛ ልጆቹን እንኳ «ልጆቼ» ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም፣ «እናንተ» ነው የሚላቸው። ስልካችን ሲጮህ ይውላል። «አባባ፣ እጅዎ እንዴት አደረ?» ይሉታል። «ደኅና ነው» ይላል፣ ምን ይበል? «እሰይ! ተመስገን!» ብለው ይዘጋሉ፤ ወዲያው ጸሎታቸው እንደሠራ ይጽፋሉ። ይዘት ደግሞ ሰው ፈልጎ እንዲያገኘን ብሎ በየመስመሩ «የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ» እያለ ይደጋግም ነበርና፣ እውነተኛ ሕመምተኞች መምጣት ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ እጃቸው እውነት እየተንቀጠቀጠ ገቡና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠየቁት። ባለቤቴ እጄን አያመኝም ቢላቸው፣ «ገባኝ፣ ለብቻዎ ሊድኑ ነው» ብለው ተቀይመው ወጡ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። የጎሚስታውን ግን አልቻልኩም። ከሱቃችን አጠገብ የመኪና ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ደንበኛ ብቻ አይደለም፣ የባለቤቴ የልብ ወዳጅ ነው። ከጎረመሰ ጀምሮ ያን ራስ ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም። ሰሞኑን ኮፍያ ማድረግ ጀመረ። አንድ ቀን ደጅ ፎጣ ሳሰጣ፣ ጎማ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ኮፍያው ወደቀ። ከጆሮው በላይ የማዶኞቹ መስመር ተሰምሯል።

«አንተ ሰው!» አልኩት።

ኮፍያውን ላፍ አደረገ። «እትዬ፣ በሞቴ እንዳትነግሪው። ልጆቼ ናቸው አልቀመጥም እንድል ያደረጉኝ።»

«እጁን አታውቀውም? ትናንት ነው የተዋወቃችሁት?»

«አውቀዋለሁ እንጂ። አንድ ቀን እንኳ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።»

«እና?»

«እና ያ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻዬን ልክ ልሆን ነው?»

ጎማውን እያንከባለለ ሄደ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ግን ያወቀ ይመስለኛል፤ ወዳጁ በኮፍያ ሲያልፍ ባየ ቁጥር ጋዜጣውን ከፍ ያደርጋል።

ይዘትን አስጠራሁና፣ «ያን ጽሑፍ አጥፋው» አልኩት።

ልጅህን እረደው ያልኩት ያህል ደነገጠ። «አክስቴ፣ ይህን ያህል ሰው የደረሰ ይዘት እንዴት ይጠፋል? ደግሞስ እኔ ባጠፋው፣ ወስደው በራሳቸው ገጽ የለጠፉት አሉ። በሙዚቃ ያቀናበሩትም አሉ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀትስ ይቀደዳል። እኔ የገጠመኝ ሞኝና ስልክ ነው።

«እሺ፣ ማስተካከያ ጻፍ። እጁ ደኅና ነው በል።»

«እጁ ደኅና የሆነ ፀጉር አስተካካይ…» ብሎ ቃሉን አፉ ውስጥ አላወሰው። «አያስቆምም አክስቴ። እጁ ደኅና የሆነ ሰው ሞልቷል።»

እኔው ጻፍኩት። መነጽሬን አድርጌ፣ በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ፦ «የባለቤቴ እጅ አይንቀጠቀጥም። የተባለው ውሸት ነው። ሱቁ ክፍት ነው፣ ኑና ተቆረጡ።» ጠበቅኩ። እህቴ ልብ ላከችልኝ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ «ሚስትየዋ ናት፣ የታመመ ሰው አስገድዳ ልታሠራ!» አለ። ሌላዋ፣ «የሴት ጨካኝ!» አለችኝ። አንዱ ደግሞ ልቦናዬ እንዲመለስ ጸለየልኝ። ይዘት ጽሑፌን በትዕግሥት ገመገመው፤ አርዕስት የለውም፣ ምስል የለውም፣ ስሜት የለውም፣ የለቀቅኩትም ሰው ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው።

«እውነት መሆኑስ?» አልኩት።

«እሱ ብቻውን አይረዳም» አለኝ፤ ሲያየኝ ከልቡ እያዘነልኝ ነበር።

ልጁ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው የሠራውን ያውቃል። ከጥቂት ቀን በኋላ እየበረረ መጣ። «አገኘሁት! የወደቀ ሰው ሲነሣ ሕዝብ ይወዳል። ጋሼ በላይቭ ቪዲዮ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አንድ ሰው በምላጭ ይላጫል። እጁ ጸጥ እንዳለ ሁሉም ያያል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ይጋፋሉ!»

ባለቤቴ ሰሞኑን እንደ ቤት ዕቃ ዝም ብሎ ነበር። ይህን ሲሰማ ቀና አለ። «ምላጩን ልሳለው» አለ። ድምፁ ላይ ያለውን ተስፋ ስሰማ እምቢ ማለት አቃተኝ። ክረምቱ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሞላ፣ በሩ ሞላ፣ ሰው እስከ መንገዱ ፈሰሰ። ባለቤቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ፂሙን ራሱ በምላጩ ተላጭቶ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም፤ ያን ግን ልብ ያለው የለም። ይዘት ስልኩን ወደ ወንበሩ አዞረና፣ «ወገኖቼ!» ብሎ ብዙ ተናገረ። መጨረሻ ላይ፣ «አሁን ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይመጣና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል!» አለ።

ስልኮቹ ሁሉ ከፍ አሉ፣ አንገቶቹ ሁሉ ዝቅ አሉ። አንዱ አንዱን ይገፋል። «አንተ ሂድ እንጂ።» «ኧረ እኔ ነገ ሰርግ አለብኝ!» ባለቤቴ ነጩን ልብስ በሁለት እጁ ዘርግቶ ቆሟል፤ ደንበኛ ሲቀበል እንዲያ ነው የሚይዘው። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ ልብሱ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። አንባቢ ለካ እውነትም አንገት የለውም።

አላስቻለኝም። «አንገት እዚሁ አለ» ብዬ የይዘትን ትከሻ ያዝኩ።

«እኔ? እኔ እኮ አዘጋጁ ነኝ!»

«ዛሬ ይዘቱ አንተ ነህ።»

ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ልጁ ወደ ስልኩ ዞር አለ፤ ስክሪኑ ላይ ልቦች ይንሳፈፋሉ። ለነሱ ሲል ስልኩን በእጁ ይዞ ተቀመጠ።

ባለቤቴ ልብሱን አንገቱ ላይ አሰረለት፣ ብሩሹን አሽከርክሮ አረፋውን ቀባው። የድሮው ሰውዬ ተመለሰ። ከንፈሩን ወደ ጎን ያጣምማል፣ እንደ ልማዱ በአፍንጫው ያዜማል። ምላጩን ከፈተ፣ የልጁን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና አደረገ። ስለቱ ጆሮው ሥር ሲያርፍ፣ ልጁ የባለቤቴን ክንድ አፈፍ አድርጎ ያዘ።

«ጋሼ ቆይ… ቆይ። እጅህ… እየተንቀጠቀጠ አይደል?»

ያን ቃል የፈጠረው እሱ ነው። አግዳሚያችን ላይ ተቀምጦ፣ ከአንድ የደበዘዘ ፎቶ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። ሲጽፈው፣ መልሶ ሲያነበው፣ ለሚጠይቁት ሁሉ ሲመልስ ከርሞ፣ ከሁሉም በላይ ያመነው እሱ ሆኖ ቁጭ አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን ፍርሃቱ የእውነት ነው።

ባለቤቴ እጁን አየ። ሁላችንም አየነው። እጁ ተንቀጠቀጠ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መጀመሪያ የምላጩ ጫፍ፣ ቀጥሎ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ እስከ ክርኑ። ሕዝቡ «ወይኔ!» አለ፣ አንዷ ጮክ ብላ አለቀሰች። ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ወረደ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ስልኩን ወደ ባለቤቴ እጅ አስጠጋ። «አያችሁ? አያችሁ ወገኖቼ?» አለ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብሎ፣ «አክስቴ፣ እንዲህ ያለ ተመልካች አግኝተን አናውቅም!» ብሎ ሹክ አለኝ።

ስልኩን ከእጁ መንጭቄ ፎጣ የዘፈዘፍኩበት ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ላይቩ እስኪቋረጥ ድረስ አረፋ ያሳይ ነበር አሉ፤ አንዳንዶቹ እሱንም ወደውታል። ከዚያ መጥረጊያዬን አንሥቼ ሁሉንም ጠርጌ አስወጣሁ። ይዘት በግማሽ አረፋው መንገድ ላይ ቀረ። ግማሹን ማዶኞቹ ጨረሱለት ሲሉ ሰማሁ።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ባለቤቴ የወረፋ ጠባቂዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቋል።

«እውነት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ድሮም እንዲህ ነበር? ሳይታወቀኝ? እንዳይከፋኝ ብለሽ ደብቀሽኝ ነው?»

በዕድሜዬ ብዙ ተናድጃለሁ፣ የዚያን ቀኑን ያህል ግን አልተናደድኩም፤ የዚያን ያህልም አላዘንኩም። በዚያ እጅ የስንቱን ሙሽራ ፂም አንሥቷል፣ የስንቱን ሕፃን የመጀመሪያ ፀጉር ቆርጧል። አሁን ስለ ገዛ እጁ እኔን ይጠይቀኛል።

ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሻሼን አወለቅኩ፣ ፀጉሬን ፈታሁት። ትከሻዬን አልፎ ይወርዳል፤ ያለኝ መልክ ሁሉ እሱ ነው።

«ቁረጥ» አልኩት።

«ምን?»

«እንደ ወንድ ደንበኛህ። ከጆሮዬ በላይ።»

«አብደሻል? ፀጉርሽን?»

«ይበቅላል። ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ደንበኛ ነኝ። ደንበኛ ታጉላላለህ እንዴ?»

ቀኝ እጁን ከጉልበቶቹ መሃል አወጣ። ከዚያ ነጩን ልብስ አንሥቶ አንገቴ ላይ አሰረው፣ ከግራ በኩልም ጀመረ። መቀሱ ጆሮዬ ሥር እንደ በረደው ሰው ጥርስ ይንቀጫቀጫል። ፀጉሬ በጭብጥ በጭብጥ ወደቀ። ጆሮዬን ነካ አድርጎኝ ደማሁ። ፈራሁ፤ እኔም እኮ አንገት አለኝ። ግን አልተንቀሳቀስኩም። ዝም ብል መፍራቴን ያውቅብኛል ብዬ ነዘነዝኩት፤ ሳሙና ስለማባከኑ፣ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍቶ ስለመተዉ፣ የእርጥብ ፎጣ ክምር ስለሚያስታቅፈኝ። ትዳራችን ሙሉውን የነዘነዝኩትን እንደ አዲስ ደገምኩለት።

በኋላ በኩል ዞሮ ወደ ቀኝ ሲደርስ፣ «ኧረ ራስሽን አታወዛውዢ፣ ልሥራበት!» ብሎ ተቆጣኝ። ለደንበኛ ሁሉ የሚቆጣት ቁጣ ናት። በመስታወቱ አየሁት። ከንፈሩ ወደ ጎን ተጣሟል፣ በአፍንጫው ያዜማል፣ መቀሱም ጸጥ ብሏል። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። እሱ ለፀጉሬ መስሎት፣ «ራስሽ አይደለሽ ያልሽው?» አለኝ።

ሲጨርስ ሁለት ሰው ሆኜ ወጣሁ። ቀኜ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ ግራዬ ፍየል የጋጠው ነው። ግራውን ሊያስተካክል መቀሱን ሲያነሣ እጁን ያዝኩት። «ይቆይ» አልኩ።

እንደዚያው ሆኜ ሰፈሩን ዞርኩት፣ ያለ ሻሽ። ዳቦ ልገዛ፣ ሳሙና ልገዛ፣ ምንም ሳልገዛም። ያየኝ ሁሉ ይቆማል፤ ይዘት የሚመኘው ዓይነት መቆም ነው። «ምነው እትዬ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ይሉኛል። ግራዬን አዞርና፣ «ይሄን እናንተ» እላለሁ። ቀኜን አዞርና፣ «ይሄን ባለቤቴ።» አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል።

ይዘት በአዲስ ስልክ መጣ። ራሴን ሲያይ ዓይኑ በራ። «አክስቴ፣ ግራና ቀኝ! ማነጻጸሪያ እኮ ከሁሉ በላይ ነው የሚሄደው። አንድ ፎቶ ብቻ!» ወንበሩን በጣቴ አሳየሁትና፣ «መጀመሪያ ተቀመጥ» አልኩት። ያን ጊዜ ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው።

ዝናቡ ሊያባራ ሰሞን ጎሚስታው መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ግራዬን አየ፣ ዞሮ ቀኜን አየ፣ እንደገና ወደ ግራ ተመለሰ፤ የተበሳ ጎማ ሲፈልግ እንዲያ ነው። ባለቤቴ ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን ከፊቱ አላወረደም። ጎሚስታው ኮፍያውን አወለቀ። የማዶኞቹ መስመር በአዲስ ፀጉር ተሸፍኗል።

«ተነሣ እንጂ፣ ልቀመጥበት» አለው።

ባለቤቴ ተነሣ። ነጩን ልብስ ሁለት ጊዜ አራገፈ፣ አንገቱ ላይ አሰረለት፣ መቀሱን አነሣ። ጎሚስታው ዓይኑን ጨፈነና፣ «ከቀኝ በኩል ጀምርልኝ» አለ።